ልጄ ልደት አልሄድም አለች

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ሴሊያክ (እንደ ስንዴና ገብስ ባሉ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለባት ከታወቀ 4 ወር ሆነ። ልደት ስትጠራ «አልሄድም» ትላለች። እኔም የምትቀምሰውን ሁሉ እየፈራሁ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ምክንያት አለው፤ በቢላ ላይ የቀረ የስንዴ ዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ይጎዳታል። ለእሷ ግን ከምግቡ በላይ የሚከብዳት ተለይታ መታየቷ ነው። ከ2 ቀን በፊት ለደጋሾቹ ደውለው የሚቀርበውን ይጠይቁ፤ ተመሳሳዩን ከግሉተን ነፃ አድርገው ያስይዟት። ከግሉተን ነፃ ኬክ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ጥድፊያን ያስቀራል። «ይሄ ያመኛል፣ የራሴን ይዣለሁ» የሚለውን መልስ ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱት።

ተሳስታ ብትበላ እባክዎ አይቆጧት። የተቆጧት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ትደብቃለች፤ ያኔ ሕመሟን የሚያውቅላት የለም። ምግብ መሸሽ ከጀመረች ወይም ጭንቀቷ ሳምንታት ከዘለቀ ለሐኪሟ ነግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ይውሰዷት። የእርስዎንም እንቅልፍ ማጣት አብረው ያንሱ።