መልስ፦ ኢንጂነር ፊዚዮሎጂ ምን ያደርግለታል?

ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ለሚማር ሰው ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ትምህርት) ይህን ያህል ያስፈልጋል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በጣም! የስኳር ሕመምተኛን ስኳር በሴንሰር እየለካ ኢንሱሊን (ስኳር የሚያወርደውን ሆርሞን) በራሱ የሚሰጠውን አውቶማቲክ የኢንሱሊን ፓምፕ ተመልከት። ሴንሰሩ ስኳሩን የሚለካው ከደሙ ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሴሎች መካከል ካለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ንባቡ ከደሙ በደቂቃዎች ይዘገያል። ከቆዳ ሥር የተሰጠ ፈጣን ኢንሱሊንም ጉልበቱ የሚበረታው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገደማ ነው። ኢንሱሊን የሚያመነጨው ጤነኛ ቆሽት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ይህን መዘግየት የማያውቅ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ስኳሩ ገና አልወረደም ብሎ ኢንሱሊን ይደራርባል። ከዚያ ስኳሩ በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ ሰውዬው ራሱን ሊስት ይችላል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ስፖርት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳር ይስባል፤ ሂሳቡ ሁሉ ይቀየራል። እና ኮርሱን ለማለፍ ብቻ አትማረው። የሆርሞኖችን ምዕራፍ ከኮንትሮል ሲስተም (መሣሪያ እየለካ ራሱን የሚያስተካክልበት ዘዴ) ትምህርትህ ጎን ለጎን አንብበው።