ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ብቻ መምጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የፎቶ ክበባችሁ በአዲሱ ዓመት የት የት ነው የሚወጣው? እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ከእናንተ ጋ ብመጣ ችግር አለው? (እህታችሁ፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህታችን ምን ችግር አለው፣ ነይ እንጂ! መስከረም ላይ መጀመሪያ ጢስ ዓባይ ነው የምንሄደው፣ ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ክረምቱ እንደወጣ ውሃው ሙሉ ነው አደይ አበባውም አለ፣ ቆይተን ከሄድን ግን ውሃው እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው የምንቸኩለው። ጢሱ ሌንሱን ወዲያው ነው የሚያለብሰው፣ ደረቅ ጨርቅ ያዢ።

ከዛ ጥቅምት ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ጣና ዳር። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች ጸሐይዋ ከኋላቸው ስትሆን እኮ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ራሱ ያበራል! ስልክሽ ላይ ሰማዩን ነካ አርገሽ ብርሃኑን ዝቅ አርጊው፣ ሰውየው ጥቁር ጥላ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ግን ሳናስፈቅድ ማንንም አናነሳም፣ ሰዎቹ እንጀራቸው ላይ ናቸው፣ ይሄን ነገር እኔ በጣም ነው የማጠብቀው።

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እንሄዳለን። እዛ ፍላሽ አጥፊ፣ ለድሮ ስዕሎቹ እንጠንቀቅላቸው።