የስኳር ሕመምተኛን እግር በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ወላጅ እናቴ የስኳር ሕመም ካደረባቸው ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግሮቻቸው እየቀዘቀዙና እየደነዘዙ ስላስቸገሯቸው፣ በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ እያፈራረቁ መዘፍዘፍ የደም ዝውውርን ያሻሽላል ብለው የመከሯቸው ሰዎች አሉ። ቢሞክሩት ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እባክዎ አያስጀምሯቸው። መካሪዎቹ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ ሙቀት ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ በጤነኛ እግር ላይ ለጊዜው ደም ይጨምራል። ነገር ግን ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ሙቀትንና ሕመምን መለየት ስለሚያቅተው፣ ውሃው ቆዳቸውን እያቃጠለ እንኳ እናትዎ «ለብ ያለ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ መቃጠላቸው የሚታወቀው እግራቸው ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። የደም ቧንቧቸው ጠቦ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የሞቀ ሥጋ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የጠበበው ቧንቧ ግን ያንን ማድረስ አይችልም። ቀዝቃዛው ውሃ በበኩሉ የደም ሥሮችን ያኮማትራል። ረጅም መዘፍዘፍም ቆዳን አድርቆ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ለጀርም በር ይከፍታል።

እግራቸውን በየቀኑ መታጠባቸው ግን አይቅር። የውሃው ሙቀት ከ37 ዲግሪ በታች መሆኑን በቴርሞሜትር፣ ካልሆነም ስኳር የሌለበት ሰው በክርኑ ይለካ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶቻቸው መካከል ያለው እርጥበት በደንብ ይደርቅ፤ ቅባቱም ተረከዝ እንጂ የጣት መሐል አይነካ።

ውሃ በእርግጥ የሚረዳቸው ሲንቀሳቀሱበት ነው። እግራቸው ላይ ቁስል ከሌለና ሐኪማቸው ከፈቀደ፣ ወገብ በሚደርስ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ መራመድ ጡንቻን ያሠራል፣ በእግር ላይ የሚያርፈውንም ክብደት ያቀልላል። የውሃ ጫማ ያድርጉ፤ እንቅስቃሴ ስኳርን ስለሚያወርድ ከመግባታቸው በፊትም ከወጡ በኋላም ይለኩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቅዝቃዜውና የድንዛዜው መንስኤ አለመታወቁ ነው። ከነርቭም ከደም ቧንቧም ሊመጣ ይችላል፣ ይህንንም ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ የእግራቸውን የደም ምት በእጁ እንዲዳስስ፣ በቁርጭምጭሚትና በክንድ ያለውን የደም ግፊት እንዲያወዳድር፣ በ10 ግራም ግፊት በሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክርም የውስጥ እግራቸውን ስሜት እንዲፈትሽ ይጠይቁ። እስከዚያው ውስጥ እግራቸውን በየማታው በመስታወት ይመልከቱላቸው። ቁስል፣ መግል፣ አዲስ እብጠት ወይም የጠቆረ ቦታ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።