የቤተ ሙከራዋ አይጥና የአቡዬ ወፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ አዳማ የምኖር የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። አንድ ቅጠል ሕመም ያስታግስ እንደሆነ ለማየት አይጦችን የጋለ ሳህን ላይ እናስቀምጣለን። መዳፋቸውን እስኪልሱ ወይም እስኪዘሉ ሰዓት እንይዛለን። በመጨረሻ ይገደላሉ። ጓደኛዬ «የእንስሳ ነፍስ ደመ ነፍስ ናት፣ ምን አስጨነቀሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ኃጢአት ነው? እንዲህ ውዬ መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንቅልፍ ማጣትሽን አልጠላሁትም።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ትምህርት ልክ ነው፤ የደረሰችበት ግን አይደለም። የእንስሳ ነፍስ ደማዊት ናት፣ ከሥጋዋ ጋር ታልፋለች። እንግዲህ አይጧ ነገ የምትካስበት ገነት የላትም። ያለቻት ይህችው ዕድሜ ናት። ታዲያ ይህ ለመጨከን ፈቃድ ይሆናል? መጽሐፍ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል (ምሳሌ 12፥10)። ለሥጋው አላለም፣ ለነፍሱ ነው ያለው።

እንስሳን ለሰው ሕይወት መጠቀም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ለፋሲካ በግ እናርድ የለ? ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለሰው የሰጠው የእብድ ውሻ ክትባት የተዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ሕብለ ሰረሰር ነው። ኢንሱሊንም መጀመሪያ የተሞከረው በውሾች ላይ ነበር። ስኳር ያለባት እናት ያለችው ሰው ይህን አይንቅም።

ግን ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ ድሬዝ የሚባል ሙከራ ወጣ። ጥንቸሏ እንዳትንቀሳቀስ ትያዛለች። ከዚያ የሚመረመረው ነገር፣ ሻምፑም ይሁን መኳኳያ፣ ዓይኗ ውስጥ ይጨመራል። ይቅላ ይቁሰል እየተባለ ለቀናት ይታያል። ለመዋቢያ ሲባል! የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ የከለከለው ገና እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል እዪ። በግራ በቀኝ አንበሳና ነብር፣ በጻድቁ ዓይን ሥር ደግሞ አንዲት ወፍ። በውኃ ጥም ልትሞት የነበረችው ወፍ እንባቸውን ጠጥታ ዳነች። እሳቸው ዓይናቸውን ለወፍ ሰጡ፤ እኛ በጥንቸል ዓይን ሻምፑ እናንጠባጥባለን። (መጋቢት 5 ከአዳማ ስንቱ ነው «አቡዬ» እያለ ዝቋላ የሚወጣው! ሲመለስ ግን ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ላይ ጅራፍ ሲያርፍ ዝም ይላል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ያንቀኝ ነበር።)

የአንቺ ሙከራ ከሻምፑው ጋር አንድ አይደለም። የሕመም ማስታገሻ መፈለግ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን አይጧ ሳህኑ ላይ የምትቆይበት የመጨረሻ ሰከንድ አስቀድሞ ይወሰናል። ያ ሲደርስ ባትልስም አንሺያት። ውጤቱ እንዲያምር ብላችሁ አንዲት ሰከንድ አትጨምሩ። ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት ነገር ጽፈዋል፦ እንስሳውን በሌላ መንገድ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። አስተማሪሽን በአክብሮት ጠይቂ። ውጤቱ የታወቀ ከሆነ ለማሳየት ብቻ ለምን እንደግመዋለን? በቪዲዮ ማየት አይበቃም? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ስለ ቁርባኑ፣ በዚህ የተነሣ ከቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ አትሽሺ። የሠራሽውን ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። አይጧ ስትዘል ተሳስቃችሁ ከሆነም ሳቁን ጨምረሽ ንገሪ። ቀኑን እሳቸው ይነግሩሻል።