ጓቲማላ ለሚጓዝ የደም ግፊት ታካሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 54 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በሚቀጥለው ወር ለሁለት ሳምንት ጓቲማላ እሄዳለሁ። አንቲጓ አካባቢ የቡና እርሻዎች ካየን በኋላ የጥንቱን የማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ ቲካልን እንጎበኛለን። ለደም ግፊት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ወስጄ አላውቅም። የወባ መድኃኒትስ ልያዝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ክትባቱን ዛሬ ነገ አይበሉ። ጓቲማላ ውስጥ ቢጫ ወባ የለም፤ የክትባቱን ካርድ የሚጠይቁት በሽታው ከሚያሰጋቸው አገሮች ለሚመጣ መንገደኛ ነው፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እንቁላል የማይስማማዎ ከሆነ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመከተብዎ በፊት ይንገሯቸው።

ወባን በተመለከተ እንደ እኛ አገር ደጋና ቆላውን ይለዩ። አንቲጓ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አታሰጋም። ቲካል ያለበት ፔተን ቆላ ነው፤ ወባ ቢኖርም ብዙ ስላልሆነ ለአጭር ጉብኝት ትንኝ የሚያባርር ቅባትና አጎበር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በፓስፊክ ጠረፍ በኩል ወዳለው ኤስኩዊንትላ የሚወርዱ ከሆነ ግን ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪምዎን ያማክሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደንጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተከሰተው ያው በሽታ ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ ቀን ስለምትናደፍ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም፤ ቅባቱን ጠዋትም ከሰዓትም ይቀቡ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ። እዚያም ሆነ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ቶሎ «ታይፎይድ ነው» ስለሚባል፣ ከጓቲማላ መምጣትዎን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ትኩሳቱ በረድ ሲል ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ደንጊ የሚከፋው ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

የታሸገ ውኃ ይጠጡ፤ በረዶ የገባበት መጠጥና ጥሬ ሰላጣ ይቅርብዎ። ተቅማጥ ከያዘዎ ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይከፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ከኤናላፕሪል ጋር ሆኖ ደግሞ ሰውነት በደረቀበት ሰዓት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከባድ ተቅማጥ ሲይዝዎ የትኛውን ለጊዜው ማቆም እንዳለብዎ ሳይሄዱ በፊት ሐኪምዎን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። ኦአርኤስም ይያዙ። ጨው አለው ብለው አይፍሩት፤ በተቅማጥ የወጣውን ነው የሚተካው።

ጓቲማላ ከእኛ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ኪኒንዎን በዚያው አገር ጠዋት ይውሰዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ልዩነት አይጎዳዎትም፣ ለማካካስ ብለው ግን ሁለት አይዋጡ። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣዎ ይያዙት።