የሚደነብር ፈረስ ለተረከባችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከስድስት ኪሎ ወደ ጃንሜዳ ስሻገር ፈረስ እየሳባችሁ ስትወጡና ስትገቡ ባየሁ ቁጥር ልቤ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ «አመለኛ ነው» ተብሎ አለንጋ የሚያርፍበት ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ፈረስ መሆኑን በእንስሳት ሕክምና ባሳለፍኩት ዘመን ደጋግሜ ስላየሁ፣ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ መዳኛውም ሩጫ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስላሉ ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያውን ያያል፤ የሚሰወረው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለው ጠባብ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ግንባሩን ልትዳብሱ እጃችሁን በቀጥታ ስትዘረጉ እጃችሁ በማያየው ቦታ ይደርሳል። በትከሻው በኩል፣ ድምፃችሁን እያሰማችሁ ቅረቡት።

ማንኛውንም ሥልጠና ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሕመም መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ኮርቻ ሲያይ የሚደነብረው ፈረስ ከግላሱ ሥር ገጣባ ሊኖረው ይችላል፤ ልጓም የሚሸሸውም ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን እየቆረጠው ሊሆን ይችላል። የታመመን ፈረስ በትዕግሥት ማሠልጠንም ቢሆን ጭካኔ ነው።

በአሜሪካ ምዕራብ በከብት እርባታ ሥራ የኖሩት ቶም ዶራንስና ሬይ ሀንት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስፋፉት አገራር መሠረቱ ቀላል ነው፤ ፈረስ ትምህርቱን የሚቀበለው ጫናው፣ ማለትም የሰው መቅረብ ወይም የገመድ መሳብ፣ በሚነሳለት ቅጽበት ነው። ዘመኑን ሁሉ ጋሪ ስትጎትት የኖረች አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች፤ እጅ ከፍ ሲል ካየች ማሰሪያዋን በጥሳ ትሄዳለች። ረጅም ገመድ አላልቼ ይዤ ወደ ትከሻዋ አንድ እርምጃ ስቀርብ አንገቷ ቀጥ ይላል፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይሰፋል፤ እኔም ሳልቀርብም ሳልርቅም እዚያው እቆማለሁ። ጆሮዋ ወደ እኔ ሲዞር ወይም ዓይኗን ስታርገበግብ ያን ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቻት እርቃለሁ። እየቆየ ርቀቱ እያጠረ መጣ። የእጄ ጀርባ ትከሻዋን በነካበት ዕለት ቆዳዋ ዝንብ እንዳረፈበት ተንቀጠቀጠ፤ እጄን ወዲያው አነሳሁ፤ እሷም በረጅሙ ተነፈሰችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ መንጋጋዋን ታላምጥ ጀመር።

እዚህ ላይ በጥብቅ የማሳስባችሁ ስለ ጊዜው ነው። ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ሲወረውር ከሸሻችሁ፣ ራሱን መወርወር እንደሚያዋጣው አስተማራችሁት ማለት ነው፤ ረጋ ብሎ ሳለ ዘግይታችሁ ከለቀቃችሁትም መርጋቱ ለምን እንደጠቀመው አይገባውም። እንደሚፈነዳ ከታያችሁ ቀድማችሁ ራቁ፤ ከፈነዳ በኋላ መማር የለም።

አንዳንዶች ፈሪውን ፈረስ ከግንድ ጋር ጥብቅ አድርገው አስረው፣ መንፈራገጡን እስኪያቆም ድረስ ፌስታል ያራግቡበታል። ፈረሱ በመጨረሻ ይቆማል፤ ሰዎቹም «ለመደ» ይላሉ። ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር ዳብሱና ምቱን ቁጠሩ። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ትልቅ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ምቱ ከዚህ እጅግ ከፍ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ተጨብጦ፣ ጭራው ተጣብቆ የቆመ ፈረስ ተስፋ የቆረጠ እንጂ የተረጋጋ አይደለም፤ ተስፋ የቆረጠም አንድ ቀን ሰው ተሸክሞ ሳለ ይደነብራል። መሪዎቹን በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ለሚጠራ ሕዝብ፣ ምኒልክንም በ1923 ዓ.ም. በፈረስ ላይ አድርጎ በሐውልት ላቆመ ከተማ እንዲህ ያለ አገራር አይመጥንም።

የከተማው ጫጫታም የራሱ ጉዳይ ነው። የሚኒባስ ጡሩንባ፣ ነፋስ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ፣ ከግንባታ የሚወድቅ ብረት ለእኛ የለመድነው ነው፤ ለፈረስ ግን እያንዳንዱ አዲስ አውሬ ነው። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከሩቅ ጀምሩ፤ ረጋ ያለና ያረጀ ፈረስም አብሮት ይውጣ፤ ፈረስ የመንጋ እንስሳ ስለሆነ የባልንጀራውን መረጋጋት ያነባል። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ፣ ከበሮና ሆታ ባለበት ሕዝብ መካከል «እስኪ ልፈትነው» ብላችሁ አትሂዱ።

ከሁሉም በፊት ግን ድርቆሽ የሚያቀርበውን፣ ኮቴ የሚያጸዳውንና ማታ የሚጠብቀውን ሰው ሰብስባችሁ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በትከሻው በኩል፣ እጁን ዝቅ አድርጎ እንዲቀርብ ተስማሙ። ከመካከላቸው አለንጋ የሚያነሳ ካለ በዚህ ወቅት ያንን ፈረስ አይንካ፤ ሌላ ሥራ ስጡት።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም
ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ