ጎመን በጤና፦ ዋርፋሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ለጀመሩ እናት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እናትሽ ባሕር ዳር ይኖራሉ፣ ዕድሜያቸው 58 ነው። ግራ እግራቸው አብጦ ሲመረመሩ የረጋ ደም ተገኘና ዋርፋሪን ተጀመረላቸው። ኮሌስትሮላቸውም ከፍ ብሎ ስለነበር አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ተጨመረ። አሁን ጎረቤት ሁሉ ጎመን እንዳይነኩ ከልክሏቸዋል። የኮሌስትሮሉ ኪኒን ጉበት ይጨርሳል ያላቸውም አለ። እሳቸው ደግሞ ለፍልሰታ ጠበል ገብተው፣ ጾማቸውን ይዘው መድኃኒቱን ሊያቋርጡ አስበዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አባቴ ግን የልባቸው ምት የተዛባ ስለሆነ ዘጌ ሆነው ሁለቱንም መድኃኒት ለዓመታት ሲወስዱ ክትትላቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የምጽፍልሽ በዚያ የተማርኩትንና ሐኪሞቻቸው ደጋግመው ያስረዱንን ነው።

ከሁሉ በፊት ዋርፋሪኑን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ዋርፋሪን የረጋውን ደም አያሟሟም። እንዳያድግና አዲስ እንዳይረጋ ነው የሚይዘው፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያጸዳው ሰውነታችን ነው። ያ ሳያልቅ ከተቋረጠ እግር ላይ ያለው ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ይህ ገዳይ ነው። እግር ላይ ለረጋ ደም ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ መነሻውን አይቶ ይወስናል። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስብራት በኋላ የመጣ ከሆነ ሊቆም ይችላል። ምክንያቱ ካልታወቀ ብዙ ጊዜ ይረዝማል።

ወደ ጎመኑ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዋርፋሪን የሚሠራው ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ የተባለ ነገር በመከላከል ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ይህ ቫይታሚን በብዛት አላቸው። ስለዚህ እናትሽ በድንገት ጎመን ቢያበዙ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ደማቸው የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። በድንገት እርግፍ አድርገው ቢተዉ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታባቸዋል፣ መድማት ይመጣል። ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን የሚወስነው ልብስ ሰፊ ሰውነት ለክቶ እንደሚሰፋው በሚበሉት ልክ ነው። አመጋገባቸው ሲቀየር መጠኑ አይሆናቸውም። እንግዲህ ጎመን አልተከለከለም። የተከለከለው መለዋወጡ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበሉ ከነበረ ሁለት ቀን ይብሉ። የሽፈራው ዱቄትም አረንጓዴ ቅጠል ነውና ለጤና ጥሩ ነው ተብሎ ድንገት እንዳይጀመር።

የእኛ አገር ችግር ደግሞ ማዕዳችን ራሱ በጾምና በፍስክ የሚገለበጥ መሆኑ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሽሮና ጎመን ነው። ፋሲካ ሲሆን ሥጋና ቅቤ ይመጣል፣ ጎመኑ ይረሳል። የአባቴን የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ ቁጥር) ደብተር ገልጠሽ ብታዪ፣ ቀኑን ሳታነቢ ጾም የገባበትንና የተፈታበትን ጊዜ ከቁጥሩ ትለዪዋለሽ። ጾም ላይ ወደ 1.6 ይወርዳል፣ ከፋሲካ በኋላ ከ3 ያልፋል። ለእናትሽ ዓይነት ሕመም የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ይህን ካየን በኋላ ለሐኪሙ ነገርነው፤ አሁን ጾም ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ይለካሉ። ጾማቸውን አልተዉም።

ስለዚህ ለፍልሰታ እንዲህ አድርጊ። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጎመኑ በየጓሮው ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያስለኩ፣ እንደሚጾሙም ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ውስጥ አንዴ፣ ከተፈታ በኋላ ደግሞ አንዴ ይደገም። የሚታዩበት ቦታ መመርመሪያው አልቋል ከተባለ ቀጠሮውን ከማሳለፍ በግል ላቦራቶሪ ማሠራት ይሻላል። ገንዘቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሳይለኩ መክረም ግን ከዚያ የከበደ ነው።

ሰዓቱ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ዋርፋሪን ማታ መወሰድ ይችላል። አባቴ ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የሚውጡት። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ሲውጡ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን «ዛሬ ወስጄ ነበር ወይ?» የሚለውን ጭቅጭቅ ከቤታችን ያጠፋው እሱ ነው። የተረሳ እንደሆነ በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል። ካደረ ግን አልፏል። በማግስቱ ሁለት መዋጥ አይፈቀድም።

አሁን ከጎመን ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ መድኃኒት ነው።

አንድ ክረምት አባቴ ሆዳቸውን ታመሙ። አሜባ ነው ተባለና ከአንድ መድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ተሰጣቸው። የሸጠላቸው ሰው ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ጥርሳቸውን ሲፍቁ መፋቂያው በደም ተነከረ። ክንዳቸው ላይ ከምንም ሳይጋጩ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ሰማያዊ ብልዝ ወጣ። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር አመጣናቸው። አይ ኤን አራቸው ከ6 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ለጊዜው አስቁሞ፣ በየቀኑ እየለካ መለሰው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ጭንቅላት ሳይደማ ደረስን።

ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ይጨምራል። ኮትራይሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያደክመዋል። እነዚህ አይወሰዱም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ካወቀ መጠኑን ያስተካክላል፣ ቶሎ ያስለካል። ለቁርጥማት የለመድናቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራ ያደማሉ፣ አስፕሪንም ሐኪም ካላዘዘ እንደዚያው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም በልኩ፤ ለብዙ ቀናት በብዛት ከተወሰደ አይ ኤን አሩን ከፍ ያደርጋል። የጡንቻ መርፌም አይወጉ፣ የተወጋው ቦታ ውስጥ ለውስጥ ይደማል። የትም ጤና ጣቢያ ሲገቡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። ጥርስ ለማስነቀል ሲሄዱም ቢሆን። ጠላና አረቄም በበዓል ሲበዛ ቁጥሩን ያዛባል።

የኮሌስትሮሉን ባጭሩ ልመልስልሽ። አቶርቫስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ይይዛል። 40 ሚሊግራሙ መጥፎውን ኮሌስትሮል በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ጉበት ይጨርሳል የሚባለው ከመጠን በላይ የተወራ ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ የጉበት ምርመራ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከባድ ጉዳት ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ሲጀመር ጉበት ይመረመራል፣ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ኮሌስትሮሉ እንደገና ይለካል። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ጡንቻ ነው። ምክንያቱ የማይታወቅ የጡንቻ ሕመምና ድካም ከመጣ፣ በተለይ ሽንት ከጠቆረ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ኮሌስትሮል ሕመሙ ስለማይሰማ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሲተዉት ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። አቶርቫስታቲን ዋርፋሪኑን እምብዛም አይነካም። መድኃኒት ቤቱ «እሱ አልቋል፣ ሲምቫስታቲን ልስጥሽ» ካለ ወይም ሮዙቫስታቲን ከቀየረ ግን እነዚህ አይ ኤን አር ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይቀየር።

ምግብ ላይ ጾም ማለት ቅባት የለም ማለት አይደለም። የረጋው የፓልም ዘይት የፍስክ ባይሆንም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። የጣና ዓሣ ለእናትሽ ጥሩ ነው፤ ቆሮሶውን በወጥ ወይም ጠብሶ እንጂ በዘይት አጥልቆ አይሁን። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱት። የጀበና ቡናም ሳይጣራ የሚፈላ ስለሆነ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት አለው። አባቴ ቡና አምራች ናቸውና ይህን ሲሰሙ ከፍቷቸው ነበር። አልተዉትም፣ ሲኒ ቀነሱ።

አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ዋርፋሪን ልላክ ማለቷን ጽፈሻል። ይህን በደንብ አንብቢ። የኪኒኑ ቀለም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ዋርፋሪን 1 ሚሊግራም ነው፤ እንግሊዝ አገር ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። «ያው ሮዝ ናት» ብሎ የሚውጥ ሰው አምስት እጥፍ ሊወስድ ወይም አምስት እጥፍ ሊጎድልበት ይችላል። ቀለም አይታመንም፤ ሁልጊዜ ሚሊግራሙ ይነበብ።

በዋርፋሪን ፈንታ ሪቫሮክሳባን የተባለው ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ኪኒን ይሻላል የሚለውስ? እግር ላይ ለረጋ ደም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በየጊዜው አይ ኤን አር አያስለካም፣ ከጎመንም ጋር ጠብ የለውም። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ኃይሉ በአንድ ቀን ገደማ ስለሚያልቅ በመሐል ከጠፋ ሕመምተኛው ባዶውን ይቀራል። 15ና 20 ሚሊግራሙ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ሰው ሠራሽ የልብ በር ለተገጠመላቸውና በሩማቲክ ሕመም የልብ በራቸው ለጠበበ ሰዎች አይሆንም። እናትሽ ከዚህ ወገን ካልሆኑ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። በራስ መቀየርም ሆነ ሁለቱን አብሮ መዋጥ ግን በፍጹም።

ዋርፋሪንን «የአይጥ መርዝ ነው» ያላቸውም ሰው አለ። እውነትነት አለው፣ ግን ግማሹን ነው የነገራቸው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ለይተው አወጡት። ዋርፋሪን ከዚያ ሥራ መጣ። በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፣ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፣ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ወሰዱት። ለአይጥ መርዝ የሆነው በመጠኑ ነው፤ ለእናትሽ መጠኑን የሚጠብቀው ያ አይ ኤን አር ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እናትሽን አትከራከሪያቸው። ይጠመቁ፣ ይጠጡ፣ ኪኒናቸውንም በጠበሉ ይዋጡት። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረው ነበር። ንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸውና ከፊታቸው ጠይቂያቸው፤ ከአንቺ ይልቅ የእሳቸውን ይሰማሉ። ጠበሉ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ ግን ለቆይታው የሚበቃ ኪኒንና የክትትል ደብተራቸውን አብረው ይያዙ፣ አጠገባቸውም የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ያ ሰው እነዚህን ካየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይዟቸው ይሂድ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን መመታት (ደህና ቢመስሉም)፣ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ሽንት፣ የማይቆም ነስር፣ የአፍ መጣመም። እንዲሁም ድንገት ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤ እሱ የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል።

በመጨረሻ ስለራስሽ፦ የእናትሽ ደም የረጋበት ምክንያት ተገኘ ወይ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው። አንዳንድ የደም መርጋት ችግር በዘር ይተላለፋል። አንቺም ሆንሽ እህቶችሽ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከመጀመራችሁ በፊት፣ እየወሰዳችሁም ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ «እናቴ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ነበር» ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩ። ሌላ ዓይነት መከላከያ ይመርጥላችኋል።